ተሳስቶ የወረደ ማገዶ

አርሊን ፑለር የተቸገረ ሰው ስም ከአፏ አያመልጣትም ነበር። ወሬ ስለማታወራ አይደለም፤ ወሬ እንጀራዋ ነው። በከተማችን በኬንዳል ማን እንደታመመ፣ የማን ላም መንታ እንደወለደች፣ የማን ልጅ ከባሕር ኃይል በፈቃድ እንደመጣ በሳምንታዊው ጋዜጣችን የምትጽፈው እሷ ናት። ናት አልኩ እንዴ? ነበረች። እዚህች ቃል ላይ ስደርስ ደሜ ይፈላል፤ ታገሱኝ።

እኔ የከተማውን ሱቅ የምይዘው ሴት ነኝ፤ ዶት ይሉኛል። ጋዜጣው ሐሙስ ጠዋት እኔ ጋ ይራገፋል። ሰዉ ይመጣና የፊቱን ገጽ ሳያይ ገልብጦ በቀጥታ ወደ አርሊን ዓምድ ይሄዳል። የፊቱ ገጽ ስለ ዓለም ነው፤ ዓለም ደግሞ እኛን ጠይቃ አታውቅም።

አርሊን የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። የኬንዳልን ጓሮ ሁሉ ጠዋትና ማታ እያየች ነው ያረጀችው። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። ጡረታ ስትወጣ አውቶቡሱን አስረከበች እንጂ ማየቷን አላስረከበችም። ከቁርስ በኋላ ኩሽናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ገመዱ በረዘመው ስልኳ ቤት ለቤት ትደውላለች። ሰላምታ አታበዛም። «ምን አለ?» ትላለች፣ ከዚያ ዝም ብላ ትሰማለች። የምትጽፈው እንዲህ ያለ ነበር፦ «የሃሪየት ዶሮዎች እንቁላል አብዝተዋል፤ የፈለገ ባዶ ካርቶን ይዞ ይሂድ። ቅዳሜ በእሳት አደጋ ጣቢያው የባቄላ እራት አለ፤ አምና ያለቀባችሁ ዘግይታችሁ ስለመጣችሁ ነው፣ በእኔ አታሳቡ። የጉንፋን ክትባት የሚሰጡት ነርሶች ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ይመጣሉ፤ እጅጌው የሚጠቀለል ልብስ ልበሱ። የቢጫው ውሻ ባለቤት፣ ውሻህ እኔ ጋ ነው፤ ሶፋዬ ላይ ተኝቷል።»

ደግ ሴት ናት ብዬ አላታልላችሁም። ምላሷ መጋዝ ነው። አንድ ጊዜ የቄሱ ስብከት ስለረዘመ «እሑድ ዕለት አምልኮው በሰላም ተጠናቋል፣ ዘግይቶም ቢሆን» ብላ ጽፋ ቄሱ አኩርፈዋት ከርመዋል። ግን የሰው ገበና አትነካም። ማን በልቶ እንዳደረ፣ ማን ጦሙን እንዳደረ ታውቃለች፤ ጋዜጣው ላይ ግን የሚወጣው እንቁላሉ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ማገዶው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የእኛ ሰው ችግሩን አይናገርም። «ማገዶ አልቆብኛል» ከሚል ሰው ይልቅ «ቤቴ ተቃጠለ» የሚል በቀላሉ ታገኛላችሁ፤ ቤት መቃጠል አደጋ ነው፣ ማገዶ ማጣት ግን ስንፍና ነው ተብሎ ያደገ ሕዝብ ነው። በረዷማው ክረምት ደግሞ ስንፍናም ኩራትም አያውቅም፤ እኩል ነው የሚገድለው። ስለዚህ ከእኛ በፊት የነበሩት ዘዴ አበጁ። በረዶ ጠራጊው መኪና ከሚያድርበት መጋዘን ጀርባ የከተማው የማገዶ ክምር አለ። ዛፍ የወደቀበት ሁሉ ግንዱን እዚያ ይጥላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዶቹ ተሰብስበው ይፈልጡታል። የሜፕል ዛፉ ቅጠል ቀልቶ መርገፍ ሲጀምር አርሊን የማን ግቢ ክምር እንዳነሰ ታያለች፣ ለከተማው ገልባጭ መኪና ሹፌር በጆሮው ትነግረዋለች። ሹፌሩ ሞልቶ ይሄድና ሰውየው ደጅ ላይ ይዘረግፈዋል። ተሳስቶ ነው። «የሌላ ሰው ቤት መስሎኝ እኮ ነው፤ አንዴ ከተራገፈ ደግሞ አይመለስም» ይላል። የደጁ ባለቤትም ይቆጣል፣ መቆጣት አለበት። ከዚያ አርሊን ዓምዷ ላይ እንዲህ ትላለች፦ «በአንድ ቤት ደጅ አንድ መኪና ማገዶ ተሳስቶ ወርዷል። የኔ ነው የሚል ቶሎ ያንሳ፤ መንገድ ዘግቷል።» ይህ ሦስት ሐሙስ ይወጣል። የኔ ነው የሚል አይመጣም። ከሦስተኛው ሐሙስ በኋላ ማገዶው የደጁ ባለቤት ነው። ማንም ለማንም አልሰጠም፣ ማንም ከማንም አልተቀበለም።

ሁላችን እናውቃለን ወይ? እናውቃለን እንጂ። ሕፃናቱም ያውቃሉ። ማወቅና መናገር ግን ለየቅል ነው፤ ይህ ያልገባው ሰው ከእኛ ጋር ባይኖር ይሻለዋል።

በመሳሳት ደግሞ ክሌይተን ቫርኒን የሚያህል አልነበረም። ገልባጩን ለብዙ ዘመን የነዳው እሱ ነው። ተወልዶ ባደገበት መንገድ ላይ ካርታ ይዞ ይወርዳል፣ ካርታውን ዘቅዝቆ ያያል፣ ራሱን ያካል፣ «ይሄ ወንዝ በየት በኩል ነው የሚፈሰው?» ይላል። የተቸገረችው ሴትዮ በሳቅ ሆዷን ይዛ ነው የምትቆጣው። ሲያረጅ ቁልፉን ለባሌ ለኤልደን አስረከበው። ሚስቱ አይና ከሞተች በኋላም ብቻውን በዚያው ቤት ኖረ፤ ማገዶውን ራሱ እየፈለጠ፣ የማንንም እጅ ሳያይ።

በዚህ መሐል ጋዜጣው ተሸጠ። የገዙት ሰዎች የት እንዳሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በረዶ በማያውቅ አገር ይመስለኛል። ለጋዜጣው ቢሮ አዘጋጅ አድርገው የላኩልን ብራድሊ ኮትስ የሚባል ጫማው የማይቆሽሽ ወጣት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እሱ ጠምጥሞ ነው የመጣው። በመጣ በሳምንቱ አርሊንን ጠራት። እኔም የማስታወቂያ ጉዳይ ስለነበረኝ አብሬያት ሄድኩ።

«ወይዘሮ ፑለር፣ ዓምድዎ በጣም ደስ ይላል» አላት። «ግን ዜና አይደለም።»

«ምን ይጎድለዋል?»

«ማረጋገጫ። ማን አየ፣ ማን ተናገረ፣ የሚለው የለበትም።»

«ውሻው ሶፋዬ ላይ ነው» አለችው። «ና እይ።»

እሱ ሳቀ። ዓምዷን ግን ቆረጠው። በቦታው «የመኸር አገልግሎቶች» የሚባል ገጽ መጣ፤ ሥዕሉ ዱባ ነው። «የማገዶ ድጋፍ የሚሹ ነዋሪዎች በድረ ገጻችን ያመልክቱ» ይላል። የእኛ ስልክ መስመር የሚይዘው መቃብር ስፍራው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። የባቄላው እራት ቀኑ ተሳስቶ ወጣ፤ ሰዎች ኬክ ተሸክመው የተዘጋ በር ላይ ቆሙ። ሃሪየት ስለ ክትባቱ በተጻፈው ቁጥር ብትደውል ያነሱት የሌላ ኬንዳል ሰዎች ናቸው፤ በሌላ ግዛት ያለ፣ በመኪና ሁለት ቀን የሚወስድ። «ብትመጪ ደስ ይለናል» አሏት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች፤ ይኸው ነው የሆነው። ለአርሊን የተዉላት አንዲት ቁራጭ ቦታ የጠፋና የተገኘ የሚባለው ነው። እሱንም «አምጪና አይተን እናወጣዋለን» ብለዋታል።

ያን ጸደይ ክሌይተን ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ ነበር። ዳነ፤ ግን በከዘራ ነው የሚሄደው፣ መጥረቢያ ማንሳት ቀረ። ማገዶ እንዳጠረው አልነገረንም፤ ማንም አልጠየቀውም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሣሩ ላይ አመዳይ እንደ ጨው ተነስንሶ፣ እኔና አርሊን በደጁ ስናልፍ መኪናውን አቁሚ አለችኝ።

«ጭሱን አየሽው?»

«የቱን?»

«እሱን ነው የምልሽ። የለም።»

በማግስቱ ኤልደን ገልባጩን ሞላ፤ እኔም ጋቢና ገባሁ። ክሌይተን ደጅ ላይ ስንዘረግፈው ሰውየው በከዘራው እየተደገፈ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ኤልደን» አለ።

«ወይ ጉድ፣ ክሌይተን። ይሄ የአንተ ቤት ነው እንዴ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

«የስቴትሰን ቤት መስሎኝ እኮ ነው።»

«ስቴትሰን የሞተው አንተ ሳታገባ ነው።»

«ለዚህ ነዋ በር የሚከፍትልኝ ያጣሁት።»

ክሌይተን ክምሩን ዙሪያውን አየው። የደረቀ ጥሩ ፍልጥ ነው፤ እሱ በወጣትነቱ ለሌሎች ያደርስ ከነበረው የሚተናነስ አይደለም። ከንፈሩን ሲነክስ አየሁት።

«ካርታ እንኳ አልያዝክም» አለው። «ሥራህን ታናንቀዋለህ። በል፣ ጋዜጣው ላይ ይውጣ። ሳይወጣ አንዲት ፍልጥ አልነካም፤ ሕጉን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ግቢዬን ዘጋኸው» አለ። ቁጣው ግን አልመጣለትም። እኔ መስታወቱን ዘግቼ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየሁ።

አርሊን ለጠፋና ለተገኘው ቦታ ማስታወቂያዋን ጽፋ ለጋዜጣው ቢሮ ሰጠች። ሐሙስ መጣ፣ አልወጣም። ሌላ ሐሙስ መጣ፣ አልወጣም። ክሌይተን በዚያ በተሰበረ ዳሌው ማገዶውን እየጎተተ አጥሩ ሥር ደረደረው፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ዝናብ እንዳይመታው ሸራ አለበሰው። ከዚያ ወደ ቤቱ ገብቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንዳንድ ቀን ጭስ ይታያል፣ ጥቁር ጭስ ነው። አርሊን መስኮቷን ዝቅ አድርጋ አሸተተችው።

«ቀለም ነው» አለች። «ይሄ ሰውዬ የተቀባ እንጨት እያነደደ ነው።»

እውነቷን ነበር። መጀመሪያ የጎተራውን ሳንቃ አነደደ። ሳንቃው ሲያልቅ የኩሽናውን ወንበሮች ጀመረ፤ አይና በሰማያዊ ቀለም የቀባቻቸውን። ደጁ ላይ ክረምቱን የሚያሻግር ማገዶ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል፣ እሱ የሚስቱን ወንበር ያነዳል። ግትር ነው በሉኝ። እኔም ግትር ነው ብዬ ረግሜዋለሁ፤ ግን እኔም ብሆን አልነካውም ነበር፣ ኤልደንም አይነካውም ነበር። ያልታወጀ ማገዶ ምጽዋት ነው። ምጽዋት ነው ብለን ደግሞ ለማንም ነግረን አናውቅም።

አርሊን ብራድሊ ቢሮ ስትገባ ኮፍያዋን እንኳ አላወለቀችም። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ማስታወቂያዬ ለምን አልወጣም?»

«እሱን ልጠይቅዎ ነበር» አለ ብራድሊ። «ማገዶው የማን ነው?»

«አይታወቅም። ለዚህ ነው ማስታወቂያ የሚወጣው።»

«ማን አወረደው?»

«ተሳስቶ ነው የወረደ።»

«ሹፌሩስ?»

ጫማዬን አየሁ።

«ወይዘሮ ፑለር» አለ፤ ወንበር ሳበላት። «አሮጌዎቹን ጋዜጦች አገላብጫለሁ። በዚህ ከተማ በየመኸሩ ማገዶ ተሳስቶ ይወርዳል፣ ባለቤት መጥቶለት ግን አያውቅም። ይሄ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ። እውነቱን ካወቅኩ ለዚህ ሐሙስ አስገባዋለሁ። ካላወቅኩ አልችልም።»

ውጭ ነፋሱ ቅጠሉን በመስኮቱ ላይ ያጋፋዋል። በሚመጣው ሳምንት በረዶ እንደሚጥል ራዲዮኑ ተናግሯል። የአርሊንን እጅ አየሁት፣ ጓንቷን እያጣመመች ነው። ተነሺ እንውጣ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

«ሰውየው የኩሽናውን ወንበር እያነደደ ነው» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ዳሌውን፣ ወንበሩን፣ ሦስቱን ሐሙስ፣ መሳሳቱን።

«ስማቸው ማን ነው ያሉኝ?»

«ክሌይተን ቫርኒ» አለች። ሕይወቷን ሙሉ ያልተናገረችውን ተናገረች። ወዲያው ደግሞ «የምታወጣው ማስታወቂያዬን ብቻ ነው። እንደጻፍኩት ነው የምታወጣው» አለችው።

«ምንም አያስቡ» አለ ብራድሊ።

ምንም አያስቡ! እኔ እስከ ዛሬ ይህን የሚለኝን ሰው ከሱቄ አስወጣለሁ።

ሐሙስ ጠዋት እስሩን ስፈታው ክሌይተን ከፊት ገጹ ላይ ያየኛል። ከመንገድ ዳር በሩቅ ያነሱት ፎቶ ነው፤ በከዘራው ጎንበስ ብሎ የወንበር እግር ሲያነሳ፣ ከጀርባው ሸራ የለበሰው ክምር ይታያል። ከላይ በትልቁ «ለሙቀት ወንበራቸውን የሚያነዱ አዛውንት» ይላል። ከሥሩ «የአንዲት ትንሽ ከተማ ውብ ምስጢር» ብሎ ዘዴውን አንድ በአንድ ዘርዝሮታል፤ የካርታውን ቀልድ ሳይቀር። እንዲህ ያለ ድጋፍ የሚፈልግ ደግሞ በየትኛው ድረ ገጽ እንደሚያመለክት መጨረሻው ላይ አለ። ጋዜጦቹን በሙሉ ወደ ጓዳ አስገባሁና አልመጣም አልኩ። ምን ዋጋ አለው? የክሌይተን በፖስታ ነው የሚደርሰው።

የጠፋው የእሱ ስም ብቻ መሰላችሁ? ያን ቀን ሱቄ የገባ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የወጣ። ሁሉም ወደ ኋላ መቁጠር ጀምሮ ነበር፤ የማን ደጅ መቼ ተሳስቶ ተዘግቶ እንደነበር። ሃሪየት ዳቦ ልትገዛ መጥታ ረስታው ሄደች፤ ባሏ በሞተ ዓመት የእሷም ደጅ ተዘግቶ ነበር። ከእንግዲህ የኤልደን ገልባጭ የማን ደጅ መቆም ይችላል? መኪናው ከሩቅ ሲታይ መጋረጃ የሚዘጉ አሉ። ለዘመናት ማንንም ሳያሳፍር ያሞቀንን ነገር አንድ ልጅ በአንድ ጠዋት አጠፋብን፤ አጥፍቶም ተመሰገነ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ቅዳሜና እሑድ የማናውቃቸው መኪኖች መጡ፤ ማገዶ ያመጡ አሉ፣ የታሸገ ሾርባ ያመጡ አሉ፣ ወንበር ያመጡ አሉ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ። ክሌይተን በሩን አልከፈተም። እነሱ ደጁ ላይ ከምረው፣ ከክምሩ ጋር ፎቶ ተነስተው ሄዱ። የአደን ወቅት ስለነበር ሁላችን ብርቱካናማ ኮፍያ አድርገን ነው የምንወጣው፣ አዳኝ አጋዘን መስለነው እንዳይተኩስብን፤ እነሱ ግን በጥቁር ካፖርት ጫካው ዳር ሲንጎራደዱ ኤልደን «አንዱ ቢመታ ዜናው እውነተኛ ይሆን ነበር» አለ። አልሳቅኩም። ሰኞ ዕለት የክሌይተን ልጅ ጃኒስ ከፖርትላንድ ከተማ መጣች፤ የሥራ ባልደረባዋ ነው ፎቶውን ያሳያት። እኔ ሱቅ ገብታ አለቀሰች።

«ሰው ምን ይለኛል?» አለች። «አባቷ ወንበር ሲያነድ የት ነበረች አይሉኝም?»

«ይሉሻል» አልኳት። ማባበል አልሆነልኝም።

በዚያው ሳምንት ወደ አረጋውያን መጦሪያ ወሰደችው። መኪናው በሱቄ ፊት ሲያልፍ ክሌይተን ከፊት ወንበር ተቀምጦ ቀጥ ብሎ መንገዱን ያያል፤ እጄን ባነሳም አላየኝም።

አርሊን ብራድሊ ጋ ሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ የሚላት አልነበረም። እኔም አላልኳት።

«ማስታወቂያዬን ብቻ ነው ያልኩህ።»

«ወይዘሮ ፑለር፣ ይህን ጽሑፍ ስንት ሰው እንዳነበበው ቢያውቁ። ከሌላ አገር ሁሉ ጽፈውልናል።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«አንድም ውሸት የለበትም» አለ፤ አሁን ፊቱ ቀልቷል። «የእርስዎ ማስታወቂያ ነው ውሸት የነበረው። ደግሞስ ሰውየው አሁን ሙቀት ውስጥ አይደሉም ወይ? እርስዎ የፈለጉት ይህንን አልነበረም?»

«ሬሳም በብርድ ልብስ ይጠቀለላል» አለችው። «አንተ ልጅ፣ ሞቀው ብለህ እንዳትጽፍ። እሱን ከጻፍክ ቢሮህን በላይህ ላይ ነው የምዘጋው።»

አልጻፈም። ፈርቷት ይሁን ሌላ ወሬ አግኝቶ እንጃለት።

በረዶው በጣለ ማግስት አርሊን ክሌይተንን ልትጠይቅ ተነሳች፤ መንገዱ ስለሚያዳልጥ እኔ ነዳሁላት። መንገዱን ሙሉ ስትናደድ ነበር፤ በብራድሊ፣ በጃኒስ፣ በጋዜጣው ገዢዎች፣ ቀስ ብዬ በመንዳቴ በእኔ። መልሼ ወደ ቤቱ አመጣዋለሁ አለች። ማገዶው አለ፣ ጭስ ማውጫውን ኤልደን ይጠርገዋል፣ ምግብ እኔ አደርስለታለሁ አለች። አንገቴን ነቀነቅኩላት። አምኛትም ነበር።

መጦሪያው ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል። ከጣሪያ ነው የሚነፍሰው፣ መስኮቱ አይከፈትም። ክሌይተን በሸሚዝ ብቻ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በሩ ላይ አስታማሚዎቹ ያንን ፎቶ ከጋዜጣው ቆርጠው ለጥፈውለታል፤ ታዋቂ ሰው መጣልን ብለው ነው፣ በክፋት አይደለም። አርሊን ፎቶውን ገንጥላ ኪሷ ከተተችው።

«ተይው» አለ ክሌይተን። «ሌላ ቅጂ አላቸው። ቁርስ ላይ ነው ያነበቡልኝ፣ ለሁላችንም ጮክ ብለው።»

አጠገቡ ቁጭ አለች። ስለ በረዶው አወራችለት፣ ኤልደን አጋዘን ስቶ ስለመመለሱ፣ የቄሱ መኪና ቦይ ውስጥ ስለመግባቱ። ሰማት፤ አንዴ እንኳ ፈገግ ያለ መስሎኝ ነበር።

«እንሂድ» አለችው በመጨረሻ። «ኮትህ የት ነው?»

«የት ልትወስጂኝ?»

«ቤትህ። ማገዶው እንደተደረደረ ነው።»

«የማን ማገዶ?»

«ያንተ ነዋ።»

«የኔ አይደለም» አለ። «አልታወጀም።»

«ክሌይተን፣ እባክህ። ሁሉም ሰው እኮ አውቋል፣ ከእንግዲህ ምን ይደበቃል?»

«እሱ ነው ነገሩ። ያ ቤት ከእንግዲህ የለማኝ ቤት ነው። ሰው በደጄ ባለፈ ቁጥር ማገዶዬን ነው የሚያየው። እዚህ ሁላችንም ለማኞች ነን፤ እዚህ አልለይም።»

ክሌይተን ወደ አርሊን ዞሮ አያት፤ ከገባን ጀምሮ ቀና ብሎ ሲያያት ያኔ ነው የመጀመሪያው።

«አንቺ የሁላችንን ስም ይዘሽ ኖረሻል» አላት። «ሰው ያልጠየቀሽን አትናገሪም፣ ሲጠይቁሽም አትናገሪም። የኔን ለምን ሰጠሽው?»

«ብርዱ እንዳይገድልህ ፈርቼ» አለች።

ክሌይተን የሸሚዙን አንገት በጣቱ ከፈት አድርጎ ላቡን ጠረገ።

«ብርዱንማ እችለው ነበር» አለ።